ቆዳችን ደጋግሞ ሲመረቅዝ ሰውነታችን ለምን አይማርም?

ልጅ ሆናችሁ በባዶ እግር ስትሯሯጡ እሾህ ወግቷችሁ ያውቃል? መጀመሪያ ቀን ምንም አይመስልም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን የተወጋው ቦታ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ መግል ይቋጥራል። ከዚያ ደግሞ ከቁስሉ ርቆ ብሽሽት ላይ የሚያም ጠጣር ነገር ያብጣል። "ንፍፊት ወጣበት" ትላለች እናት፤ አክላም "እግሩ ቆስሎ ነው" ትላለች። ትክክል ናት።

እስቲ ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። እሾሁ የገባው ተረከዝ ላይ ነው፤ ያበጠው ብሽሽት ነው። ምን አገናኛቸው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያለው እዚያች ንፍፊት ውስጥ ነው።

እኔ ወደዚህ ጥያቄ የመጣሁት በሌላ በር ነው። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ፓምፕና ስለ ፍሰት። ዳንግላ አካባቢ የሚኖር አንድ አጎቴ ግን እግሩ ካበጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በየጊዜው ይነሣበታል። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እግሩ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ለቀናት ከአልጋ አይወርድም። "ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ "ተወው ልጄ፣ ሰውነቴ ለምዶታል።"

"ለምዶታል" የምትለዋን ቃል ብዙዎቻችን እናምናታለን። በሽታ ሲደጋገም ሰውነት ይጠነክራል፣ ይማራል ብለን እናስባለን። ለአንዳንድ በሽታዎች እውነት ነው። ቆዳን ለሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ለምን እንደሆነ አብረን እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንፍፊቷ ውስጥ ምን እየተሠራ ነው?

ቆዳ ግድግዳ ነው። ላዩ የሞቱና የተደራረቡ ሴሎች ንጣፍ ነው፤ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ደረቅ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያ ላይ ቢቀመጥም ወደ ውስጥ አይገባም። እሾህ፣ ሙጃሌ፣ ንቃቃት ወይም በእከክ ምክንያት በጥፍር የተቧጠጠ ቦታ ግን በር ይከፍትለታል።

ባክቴሪያ በገባ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እየጎረፉ ይደርሳሉ። ያገኙትን ይውጣሉ፣ ይገድላሉ፣ ራሳቸውም ይሞታሉ። መግል የምንለው ነገር በአብዛኛው የእነዚህ ሴሎች ሬሳ ነው። ኒውትሮፊሎች ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን "ይህን ጠላት ባለፈው ዓመት አይቼዋለሁ" የሚሉ አይደሉም። ዕድሜያቸውም አጭር ነው።

ትውስታ የሚጀምረው በሌሎች ሴሎች ነው። ቆዳችን ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች ተበትነው ይኖራሉ። ሥራቸው ናሙና መውሰድ ነው፤ የባክቴሪያውን ቁራጭ ይይዙና ቁስሉን ትተው ይሄዳሉ። የሚሄዱት በሊምፍ ቱቦዎች ነው። ከእግር የሚነሡት ቱቦዎች ወደ ላይ ወጥተው ብሽሽት ላይ ካሉ እጢዎች ጋር ይገናኛሉ። እነዚህ እጢዎች ሁልጊዜም አሉ፤ ሲያብጡ ነው ንፍፊት የምንላቸው።

እጢው ውስጥ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉ ብዙ ሴሎች ይጠባበቃሉ። እያንዳንዳቸው አንድ የተለየ ቅርጽ ብቻ ያውቃሉ። መልእክተኛው ሴል ናሙናውን ሲያሳይ ቅርጹ የገጠመላቸው ጥቂቶች ይነቁና መባዛት ይጀምራሉ። እጢው የሚያብጠው በዚህ መባዛትና በሚጎርፉት ሴሎች ምክንያት ነው። ንፍፊት ማለት እንግዲህ ሰውነት እየተማረ መሆኑን በእጃችን የምንዳስስበት ቦታ ነው።

ትምህርቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ሲያልቅ ቢ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ፤ ቲ ሴሎች ወደ ቁስሉ ይዘምታሉ። ከውጊያው በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶች ግን ይቀራሉ፤ ከፊሎቹ በእጢዎች፣ ከፊሎቹ በአጥንት መቅኔ፣ ከፊሎቹም በዚያው በቆዳው ውስጥ። እነዚህ የቀሩት ናቸው የበሽታ መከላከያ ትውስታ የሚባሉት። ያው ጠላት ሲመለስ ትምህርቱ ከሀ አይጀመርም፤ መልሱ ፈጣንና ጠንካራ ይሆናል።

ኩፍኝ አንዴ፣ ቁስል ሁልጊዜ

ይህ ሥርዓት ሲሠራ የሚገርም ነው። በ1846 ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። ከዚያ በፊት በሽታው ደሴቶቹን የጎበኘው በ1781 ነበር፤ ማለትም ከ65 ዓመት በፊት። ፒተር ፓኑም የተባለ ወጣት ዴንማርካዊ ሐኪም ሄዶ ሲያይ፣ በልጅነታቸው በ1781 ኩፍኝ የወጣባቸው ሽማግሌዎች ዳግም አልታመሙም። አንድ ጊዜ የተማረ ሰውነት ከ65 ዓመት በኋላም አልረሳም።

የኩፍኝ ቫይረስ ግን ለመማር "የሚመች" ጠላት ነው። ከዘመን ዘመን መልኩ ብዙም አይለዋወጥም፤ በመላ ሰውነት ስለሚሰራጭም ሁሉም እጢዎች ያዩታል። የቆዳ ባክቴሪያዎች እንዲህ አይደሉም። ቡግንጅ ደጋግሞ የሚወጣበት ሰው ታውቁ ይሆናል፤ አንዱ ሳይድን ሌላው ይከተላል። የመጀመሪያው ቡግንጅ ለሁለተኛው ምንም ያስተማረ አይመስልም። ጥፋቱ የማን ነው? የባክቴሪያውም ነው፣ የመንገዱም ነው። ተራ በተራ እንያቸው።

ባክቴሪያዎቹ ከትውስታ እንዴት ያመልጣሉ?

ቆዳን ከሚያመረቅዙት ሁለቱ ዋናዎቹ ስትሬፕቶኮከስ እና ስታፊሎኮከስ ናቸው። ስልታቸው ይለያያል።

የስትሬፕቶኮከስ ስልት ልብስ መቀየር ነው። ላዩ ላይ ኤም ፕሮቲን የሚባል ሽፋን አለው፤ ሰውነታችን ጠንካራ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ችግሩ የሽፋኑ ዓይነት ከ200 በላይ መሆኑ ነው። አንዱን ዓይነት ብትማሩ ለእሱ ትጠበቁ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ወር ግን ሌላ ልብስ የለበሰ ይመጣል። ሰውነት ለእሱ እንደገና አንደኛ ክፍል ይገባል።

በዚህ ላይ ቆዳ ራሱ ትምህርቱን ያደበዝዘዋል። ስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮን ሲያጠቃ፣ ስትሬፕቶሊሲን ኦ በተባለው መርዙ ላይ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል ይመረታል፤ ሐኪሞችም በደም ምርመራ ይለኩታል። ያው ባክቴሪያ ቆዳን ሲያጠቃ ግን ይህ መልስ ደካማ ነው። በቆዳ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልና ሌላ ቅባት መርዙን አስሮ ስለሚያስቀር ነው። ስለዚህ የቆዳ ቁስል የነበረበትን ልጅ ሲመረምሩ ሐኪሞች በዚህ ምርመራ ብቻ አይተማመኑም፤ ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋሉ። ጠላት አንድ ሆኖ ሳለ፣ የገባበት በር የሚቀረውን ትውስታ ይቀይረዋል ማለት ነው።

የስታፊሎኮከስ ስልት ደግሞ የበለጠ ተንኮል አለበት። ፀረ እንግዳ አካል የ"ዋይ" ፊደል ቅርጽ አለው። ሁለቱ ክንዶቹ ባክቴሪያውን ይይዛሉ፤ ግንዱ ወደ ውጭ ይቀራል፣ ነጭ የደም ሴሎችም ግንዱን ይዘው ባክቴሪያውን ይውጡታል። ስታፊሎኮከስ ፕሮቲን ኤ የሚባል ነገር አለው፤ ይህ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካሉን የሚይዘው በግንዱ በኩል ነው። ጦርን በስለቱ ሳይሆን በእጀታው በኩል ነጥቆ እንደመያዝ ቁጠሩት። ነጭ የደም ሴሉ የሚጨብጠው ግንድ ያጣል። ከዚህም አልፎ ፕሮቲን ኤ ቢ ሴሎችን በማይረባ አቅጣጫ ያነሣሣቸዋል፤ ሌሎች መርዞቹም ነጭ የደም ሴሎችን ይገድላሉ።

ስታፊሎኮከስ ለሰውነታችን እንግዳም አይደለም። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ተሸክሞት ይኖራል፤ አያሳምመውም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ደማችን ውስጥ በስታፊሎኮከስ ላይ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል አለን። አለን፣ ግን አይከላከልልንም። ሰውነታችን ተምሯል፤ የተማረው ግን ፈተና ላይ የማይወጣውን ነው።

ይህ ለክትባት ተመራማሪዎች መራራ ትምህርት ሆኗል። አንድ ትልቅ የስታፊሎኮከስ ክትባት ሙከራ የልብ ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ወደ 8,000 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2011 ተቋረጠ። ክትባቱ ፀረ እንግዳ አካል አስመረተ፤ ኢንፌክሽኑን ግን አልቀነሰም። ከተከተቡት መካከል በስታፊሎኮከስ የተያዙት ደግሞ ካልተከተቡት ይበልጥ የመሞት አደጋ ታየባቸው። ዛሬም በገበያ ላይ የስታፊሎኮከስ ክትባት የለም። ትውስታ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ትክክለኛ ትውስታ መሆን አለበት።

መንገዱ ሲበላሽ

አሁን ወደ እኔ ሙያ የሚቀርበው ክፍል ላይ ደረስን። ከላይ እንዳየነው ትምህርት ቤቱ ብሽሽት ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ እዚያ ናቸው፤ መጽሐፉ ግን ያለው እግር ላይ ነው። መጽሐፉን ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው የሊምፍ ቱቦ ነው። መንገዱ ከተዘጋስ?

ሊምፍ ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚያፈተልክ፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። የሊምፍ ቱቦዎች ይህን ፈሳሽ ሰብስበው በቀን በርካታ ሊትር ወደ ደም ይመልሳሉ። ይህን ሁሉ የሚገፋ ልብ ግን የላቸውም። ታዲያ ከእግር ወደ ላይ፣ ከመሬት ስበት በተቃራኒ፣ እንዴት ይወጣል?

እንጅባራ ያለ ሰው ቀርከሃ ያውቃል። ቀርከሃን ለሁለት ስትሰነጥቁት ውስጡ በየአንጓው ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ። የሊምፍ ቱቦም እንደዚያ በየክፍሉ የተከፋፈለ ነው። ልዩነቱ የቀርከሃው አንጓ ዝግ ሲሆን የሊምፍ ቱቦው አንጓ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት በር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በግድግዳው ላይ ባለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ፈሳሹን ወደሚቀጥለው ክፍል ይገፋል፤ በሩ ይዘጋል፣ ፈሳሹ አይመለስም። ስንራመድ ደግሞ የባታችን ጡንቻ ይጨምቀዋል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ተራ በተራ የተደረደሩ ትናንሽ ፓምፖች ናቸው።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ፓምፖቹ ላይ ምን እንደሚደርስ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ አይጦችን በአንቲባዮቲክ በማይበገር የስታፊሎኮከስ ዓይነት ቆዳቸው ላይ አስያዟቸው። ኢንፌክሽኑ ጠፋ፤ ቁስሉ ዳነ። የሊምፍ ቱቦዎቹ መኮማተር ግን ከ3 ወር በላይ ቆይቶም አልተመለሰም። የባክቴሪያው መርዞች የቱቦውን ጡንቻ ሴሎች ገድለው ነበር። ላዩ የዳነ ቆዳ፣ ውስጡ የተሰበረ ፓምፕ።

ሌላ ጥናት ደግሞ ቆዳቸው ላይ የሊምፍ ቱቦ በሌላቸው አይጦች ላይ ተሠርቷል። አይጦቹ ቆዳቸው ላይ ሲከተቡ የሠሩት ፀረ እንግዳ አካል ከጤነኞቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ የቲ ሴሎቻቸውም መልስ ዘገየ። ትምህርት ቤቱ ሳይፈርስ፣ መንገዱ በመጥፋቱ ብቻ ትምህርቱ ተሰናከለ።

ሁለቱን አገጣጥሙ። ኢንፌክሽን ቱቦውን ይጎዳል። የተጎዳ ቱቦ ፈሳሹን አያነሣም፤ እግር ያብጣል። ያበጠ እግር ቆዳው ይወጠራል፣ ይሰነጠቃል፣ ባክቴሪያም ይገባል። መልእክተኛው ሴል ወደ እጢው በጊዜ ስለማይደርስ መከላከያው ይዘገያል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ይበረታል፣ ቱቦውን እንደገና ይጎዳል። ምህንድስና ውስጥ ይህን ራሱን የሚመግብ ዑደት እንለዋለን። ደለል የሞላው የመስኖ ቦይን አስቡ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደለል ይጨምራል፣ ደለል ሲጨምር ውሃው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ማንም ገበሬ "ቦዩ ለምዶታል" አይልም። አካፋውን ይዞ ይወርዳል።

ቀይ አፈር፣ ዝናብና የአዊ እግሮች

ይህ ዑደት በአዊ ዞን የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። አካባቢው እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው፤ እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላሉ። ዝናቡ ብዙ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በተገናኙበት፣ ሰውም በባዶ እግር በሚያርስበት አገር ሁሉ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ዝሆኔ ይገኛል።

ስሙን ያወጣለት በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ "እግር" እና "አቧራ" የተገጣጠመ ነው። ይህ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው ዓይነት ይለያል፤ ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። የቀይ አፈሩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎቹን ያስቆጣሉ፤ ቱቦዎቹ በዓመታት ውስጥ ይጠባሉ፣ ይጠነክራሉ። በ2015 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች እንደታመሙ ገምቷል።

ለምን ጎረቤት ሳይታመም አንዱ ይታመማል? በ2012 ከደቡብ ኢትዮጵያ የተወሰዱ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ዘረ መል ተነጻጽሮ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሰውነት ናሙናን ለቲ ሴሎች የሚያሳይበትን "ትሪ" በሚሠሩት ጂኖች አካባቢ ነው። ይህ የሚጠቁመው በሽታው በራሱ በመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ የሚመጣ መሆኑን ነው። አፈሩን ሁሉም ይረግጣል፤ አፈሩን እንደ ጠላት የሚያይ ሰውነት ያለው ግን ሁሉም አይደለም።

መንገዱ አንዴ በአፈር ከተበላሸ በኋላ ነው ባክቴሪያ የሚገባው። አጎቴን የሚያንቀጠቅጠው፣ አንዳንዱ "ምች መታኝ" የሚለው ያ ድንገተኛ ሕመም በብዛት ከተሰነጠቀ ቆዳ የገባ ባክቴሪያ ያስነሣው ቁጣ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት እንዲህ ዓይነቱን መነሣት ለአንድ ዓመት ቆጥሮ ነበር። እንክብካቤው ገና ያልተጀመረላቸው ሰዎች በአማካይ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ተነሣባቸው፤ ይኸውም በየ15 ቀኑ ማለት ነው።

አሁን "ለምዶታል" የምትለዋን ቃል መልሳችሁ አስቧት። በዓመት 24 ጊዜ የተፈተነ ሰውነት ተምሮ ቢሆን ኖሮ ፈተናው ይቀል ነበር። የለመደው ሰውነቱ አይደለም፤ ሕመሙን መቻል የለመደው ሰውዬው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የሚቀር ትውስታም አለ

ሰውነት ከቆዳ ኢንፌክሽን ምንም አይማርም ማለቴ ግን አይደለም። በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት፣ አንዴ የተቆጣ ቆዳ ከወራት በኋላ ሲቆስል ካልተቆጣው ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚገጥም አሳይቷል። የሚገርመው ይህን ያስታወሱት ነጭ የደም ሴሎች ሳይሆኑ የቆዳው የራሱ ግንድ ሴሎች መሆናቸው ነው። ትውስታው ግን ሁለት ስለት አለው፤ ለመዳን የፈጠነ ቆዳ ለመቆጣትም ሊፈጥን ይችላል።

የሚጎዳ ትምህርትም አለ፤ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። ቆዳው ላይ በስትሬፕቶኮከስ የመረቀዘ ቁስል የነበረበት ልጅ፣ ቁስሉ ከዳነ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ፊቱ ሊያብጥ፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ሊጠቁር ይችላል። ፀረ እንግዳ አካላት ከባክቴሪያው ቁርጥራጭ ጋር ተጣብቀው ኩላሊት ላይ ስለሚያርፉ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ "ቁስሉማ ድኗል" ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሰውነት እንዲማር መጠበቅ ካልሠራ፣ ሁለት መንገድ ይቀራል፤ ባክቴሪያውን መግደል ወይም በሩንና መንገዱን መጠገን።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብሪታኒያና አየርላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት (የታተመው በ2013 ነው) እግራቸው ደጋግሞ የሚመረቅዝባቸው ሰዎች ለአንድ ዓመት አነስተኛ መጠን ያለው ፔኒሲሊን በየቀኑ ወሰዱ። ባስመሳይ ክኒን ከወሰዱት 37 በመቶው ዳግም ሲያዙ ፔኒሲሊን ከወሰዱት የተያዙት 22 በመቶው ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው። ክኒኑ ሲቆም ግን ጥቅሙም ቀስ በቀስ ጠፋ። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ሰውነትን አያስተምርም፣ ቱቦውንም አይጠግንም።

መንገዱን መጠገንስ? በ2020 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት እግራቸው ያበጠና ደጋግሞ የሚመረቅዝባቸውን 84 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ እግራቸውን የሚያጠብቅ ልብስ ለበሱ፤ ሌሎቹ አለበሱም። ከለበሱት 15 በመቶው፣ ካልለበሱት 40 በመቶው ዳግም ተያዙ። ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። እዚህ ላይ የተጨመረ መድኃኒት የለም፤ ግፊት ብቻ ነው። እንደ መሐንዲስ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ፓምፑ ሲደክም ከውጭ የሚጨምቅለት ነገር ተሰጠው ማለት ነው።

ከላይ የጠቀስኩት የምሥራቅ ጎጃሙ ጥናት ደግሞ በእኛው ምድር፣ በእኛው ዕቃ የተሠራ ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህን ያደረጉት ሰዎች የሚነሣባቸው በዓመት ወደ 19 ጊዜ ዝቅ አለ፤ ይህ ከአምስት መነሣት አንዱን ማስቀረት ነው። ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ ከመዋል መትረፍ ነው። ለገበሬ ደግሞ በክረምት፣ በእርሻ ሰዓት የሚተርፍ አንድ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እያንዳንዱ እርምጃ ከዑደቱ አንዱን ቦታ ይቆርጣል። መታጠብ አፈሩንና ባክቴሪያውን ይቀንሳል። ቅባት ንቃቃቱን ያለሰልሳል፣ በሩን ይዘጋል፤ ውድ መሆን የለበትም፣ ቫዝሊን ይበቃል። ፋሻውና እግርን ከፍ ማድረግ ፈሳሹን ወደ ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ጫማ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ ገና ላልታመመ ልጅ በሽታውን ከመጀመሪያው ያስቀራል። የበረኪናውን መጠንና የፋሻውን አስተሳሰር ግን ከጤና ባለሙያ ተማሩ። የበዛ በረኪና ቆዳን ያቃጥላል፤ ያለ ልክ የጠበቀ ፋሻም ደም ያግዳል። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ደግሞ አትሹት፣ አትብጡት፤ ትኩሳት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አጎቴ ወጣት ሳለ በጥር በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ይጋልብ ነበር። አሁን እግሩ እርካብ ውስጥ አይገባም። ባለፈው ስሄድ ንፍፊት ምን እንደሆነ፣ የቀርከሃውን አንጓ፣ የቦዩን ደለል፣ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እና እኔ እስከዛሬ ቦዬን ሳልጠርግ ነው የኖርኩት?" አለኝ። "አዎ ጋሼ" አልኩት። የዚያን ዕለት ማታ ውሃ አስሞቆ እግሩን ታጠበ።

እግሩ ወደ ድሮው ይመለሳል ብዬ አልዋሸሁትም። የጠነከረ ቱቦ አይለሰልስም። የሚነሣበትን ቀን መቀነስ ግን ይቻላል፤ የልጅ ልጆቹን እግር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማዳን ይቻላል። እናንተም ቤት ወይም ጎረቤት "ሰውነቴ ለምዶታል" የሚል ሰው ካለ ይህን ንገሩት፤ ቆዳ ሲደጋገምበት አይለምድም፣ ያልቃል። በየቀኑ የሚታጠብና የሚቀባ እግር ግን በሩ የተዘጋ፣ መንገዱ የተጠረገ እግር ነው።